እናቴ በብሩታዊት አገር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን የሥራ አመራር ኮሚቴ በዘንድሮው ጉባኤ ከወጣት አባላት አንዱ «ለሙያዬ ያበቃኝ ሰው» በሚል ርእስ እንዲናገር ወስኖ ስሜ በተጠራ ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስታም ፍርሃትም አደረብኝ። ከእኔ በፊት በዚህ መድረክ የቆሙት ስለ መምህሮቻቸውና ስለ ሥራ አለቆቻቸው ተናግረዋል፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ከአራተኛ ክፍል በላይ ስላልተማረች፣ የቤት ፕላን እንዴት እንደሚነበብ ማንም ስላላሳያት፣ ሆኖም በሙያዬ ከገጠሙኝ ጥያቄዎች ሁሉ የከበደኝን ስለ ጠየቀችኝ ሴት ነው። ይህች ሴት እናቴ ናት። ከዕድሜዋ ዐሥራ አምስቱን ዓመት በስደት፣ በሊባኖስ አገር፣ በሰው ቤት አሳልፋለች።

አስቀድሜ አንድ ይቅርታ ልጠይቅ። እንደ ባህላችን ቢሆን በእንዲህ ያለ ጉባኤ ፊት ወላጅን «እርሳቸው» ማለት ይገባ ነበር። እኔ ግን «እርሷ» እላለሁ። ድፍረት አይደለም፤ የታዘዝሁት ነው፤ እንዴት እንደ ታዘዝሁም ኋላ እነግራችኋለሁ።

እናቴ አዲስ አበባን ለቃ የወጣችው በ1990 ዓ.ም. ነበር። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባቴ በሕመም ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከአያቴ ጋር ሦስት ሆነን በዶሮ ማነቂያ በአንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። ሠፈሩ በ2016 ዓ.ም. ስለ ፈረሰ ዛሬ ብትፈልጓት አታገኟትም፤ መሐንዲስ ነኝና ስለዚህ ጉዳይ የምለው ብዙ ነበረኝ፤ ነገር ግን የዛሬው ርእሴ አይደለም። እናቴ በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ ታጥብና እንጀራ ትጋግር ነበር። በዚያው ዓመት የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 104/1990 ወጥቷል። እርሷ ግን የሄደችው ስለ አዋጁ ሰምታ ሳይሆን አንድ ደላላ «በወር መቶ ዶላር» ስላላት ነው። አንድ ዶላር በዚያን ጊዜ ሰባት ብር ገደማ ነበር። ሰባት መቶ ብር! በቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ከዚያ በፊት በጸሎት እንኳ ተጠርቶ አያውቅም።

አያቴ የአራዳው ጊዮርጊስ ምእመን ነበሩ። «እማዬ የት ሄደች?» እያልሁ ባስቸገርኋቸው ጊዜ አንድ እሑድ እጄን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝና ከሰማዕቱ ሥዕል ፊት አቆሙኝ። ሥዕሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ፣ በአንድ ወገን ደግሞ ዛፍ ላይ የወጣች አንዲት ልጃገረድ ትታያለች። ስሟ ብሩታዊት ይባላል። አያቴም በጣታቸው እያመለከቱ፣ «እናትህ ያለችው በዚህች ልጅ አገር ነው» አሉኝ። ብሩታዊት ማለት የቤሩት ሴት ማለት እንደ ሆነ፣ በቤሩት ከተማ ያለው የባሕር ወሽመጥም እስከ ዛሬ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም እንደሚጠራ ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። በልጅነት አእምሮዬ የተረዳሁት ግን እናቴ ዛፍ ላይ ወጥታ እንደ ተቀመጠች፣ ከሥሯም ዘንዶ እንዳለ ነበር። ፈረሱ እስኪደርስላት ድረስ እንዳትወርድ ማታ ማታ እጸልይላት ነበር።

በ1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ወር ፈቃድ አግኝታ መጣች። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኛለሁ። ቦሌ ሄጄ የጠበቅሁት በፎቶግራፍ የማውቃትን ሴት ነበር፤ ከበሩ የወጣችው ግን የከሳች፣ ፀጉሯን ያሳጠረች፣ የማላውቀው የሳሙና ሽታ ያላት ሴት ነበረች። አቅፋ ሳመችኝ። እኔም አያቴ ለእንግዳ አድርግ ብለው እንዳስተማሩኝ ጎንበስ ብዬ «ደኅና ነዎት?» አልኋት።

ሻንጣዋን ከእጇ ለቀቀችው። ወደ አያቴ ዞራ «ኧረ እማዬ፣ ልጄ ‹ነዎት› አለኝ እኮ!» ብላ ሳቀች፤ አያቴም ሳቁ፤ አጠገባችን የቆሙትም ሳቁ። ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ ግን እስከ ፒያሳ ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አንድ ቃል ሳትናገር ደረስን። ማታ ከመተኛታችን በፊት አጠገቧ አስቀመጠችኝና፣ «ስማኝ፤ ለሌላው ሰው ሁሉ ‹እርስዎ› በል፤ ጨዋነት ነው። እኔን ግን የትም ቦታ፣ በማንም ፊት ‹አንቺ› በለኝ። እሱ ከቀረብኝ ለምን ብዬ ነው የሄድሁት?» አለችኝ። እንግዲህ ዛሬ በፊታችሁ የምፈጽመው ያንን ትእዛዝ ነው።

የምትሠራበት ቤት የሚገኘው በጁኒዬ ነበር። ጁኒዬ ከቤሩት በስተ ሰሜን በባሕር ዳር ያለች፣ ነዋሪዎቿም በብዛት የማሮናውያን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የሆኑባት ከተማ ናት። ቤተ ሰቡ አምስት ሲሆኑ፣ እነርሱም ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆችና «ቴታ» እያሉ የሚጠሯቸው የባልየው እናት ነበሩ። እናቴ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትነሣለች፤ የምትተኛውም ሁሉም ከተኙ በኋላ ነው። ፓስፖርቷን የያዙት አሠሪዎቿ ናቸው። ይህ «ከፋላ» የሚባለው ሥርዐት ነው፤ ይኸውም የውጭ አገር ሠራተኛ በአገሩ የመቀመጥ ፈቃዱ በአንድ አሠሪ ስም የተያዘ በመሆኑ፣ ከዚያ ቤት ያለ አሠሪው ፈቃድ የወጣ ሰው ወዲያው ሕገ ወጥ ይሆናል። በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። እኛም ብንሆን በዚህ ረገድ የምንኮራ አይደለንም፤ የራሳችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግለሰብ ቤት የሚሰጥን አገልግሎት ሌላ ደንብ እንዲወጣለት ትቶ አልፎታል።

እናቴ ስለ አሠሪዎቿ ስትናገር «ክፉ ሰዎች አልነበሩም» ትል ነበር፤ አምናታለሁ። በሽታ ሲይዛት አሳክመዋታል፤ ደመወዟን አልከለከሏትም። ነገር ግን ከቤት ሲወጡ ደጁን ከውጭ ቆልፈውባት ይሄዱ ነበር። ይህንንም ትነግረኝ የነበረው ስለ አየሩ ሁኔታ እንደምታወራ ያህል ነው።

ለእርሷ ከሥራው ሁሉ የከበዳት ሌላ ነገር ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት አንድም እሑድ ቅዳሴ አልሰማችም፤ የዕረፍት ቀን አልነበራትምና። ከማዕድ ቤቱ በረንዳ ላይ ሆና ቀና ስትል ግን ከተማዋ በተደገፈችበት ተራራ ላይ ሐሪሳ ይታያታል። ከባሕሩ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በዚያ ቦታ በ1908 እ.ኤ.አ. የቆመው የእመቤታችን ሐውልት ከነሐስ የተሠራና ነጭ ቀለም የተቀባ ሲሆን ቁመቱ 8 ሜትር ተኩል ነው፤ ማታ ማታ መብራት ይበራበታል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንጂ ሐውልት እንደማትቀበል እናቴ ታውቃለች። ቢሆንም «ያው እርሷው ናት» ትልና የመጨረሻውን ሳህን አጥባ ካስቀመጠች በኋላ ወደዚያ ዞራ ከልጅነቷ በቃሏ ያጠናችውን ውዳሴ ማርያም ትደግም ነበር።

በተለይ የፍልሰታን ነገር ደጋግማ ታጫውተኝ ነበር። ሊባኖሳውያን የእመቤታችንን የዕርገት በዓል የሚያከብሩት በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 9 ቀን ነው። እንግዲህ የእነርሱ ታላቅ ግብዣ ከእኛ ጾም እኩሌታ ላይ ይውላል ማለት ነው። ለሃያና ለሠላሳ እንግዳ በግ የምትጠብሰው፣ ሩዙን በቅቤ የምታበስለው እርሷ ናት፤ አትቀምስም። የቤቱ እመቤት በመጀመሪያው ዓመት እጅግ ተቆጡ። ጨው ያልቀመሰች ወጥ ሠሪ የት ይገኛል? ነገሩን ያበረዱት ቴታ ነበሩ። ወንበር አስመጥተው ማዕድ ቤት ተቀመጡና ማንኪያ ይዘው እየቀመሱ «ጨው ጨምሪ»፣ «በቃ» ይሏት ጀመር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በፍልሰታ ቀማሿ ቴታ ሆኑ። ነሐሴ 16 ቀን ደግሞ የእናቴ በዓል ሲደርስ አሮጊቷ ከጓዳ አንድ እንቁላል ቀቅለው ይሰጧት ነበር። «በዓመት ሁለት ፍልሰታ ያከበርሁ እኔ ነኝ» እያለች ትስቅ ነበር።

ዘመንን የምትቆጥረውም በቅዱሳን ዕለታት ነበር። የሚቀጥለውን የምነግራችሁ ስለዚሁ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በእስራኤልና በሒዝቦላህ መካከል ጦርነት ሆነ፤ ሐምሌ 5 ቀን ተጀምሮ 34 ቀን ቆየ። ሐምሌ 28 ቀን ከቤሩት ወደ ሰሜን የሚወስደው አውራ ጎዳና ድልድዮች፣ ከጁኒዬ አጠገብ በማዓመልተይን ያለውን ጨምሮ፣ በአየር ተደብድበው ወደቁ። አሠሪዎቿ ወደ ተራራው ሲሸሹ እርሷንም ይዘዋት ሄዱ፤ ደጅ ተቆልፎባቸው የቀሩ እኅቶች ነበሩና ይህን ዘወትር እንደ ውለታ ታነሣላቸው ነበር። ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ በቤሩት ወደብ የተከማቸው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ ከተማይቱን ሲያናጋ እናቴ ከእኔ ጋር አዲስ አበባ ሆና በቴሌቪዥን ተመለከተች። ያም ቀን ሐምሌ 28 ነበር። እኔ ስለ ፍንዳታው ኃይልና ጎተራው ስለ መቆሙ ሳወራ፣ እርሷ ተነሥታ ቆማ «ያም አማኑኤል፣ ይህም አማኑኤል» አለች። ወዲያው ስልክ አንሥታ እዚያ የቀሩትን ጓደኞቿን አንድ በአንድ መጥራት ጀመረች። ከሰባቱ አምስቱ አነሡ፤ የሁለቱን ድምፅ እስክትሰማ እስከ ንጋት አልተኛችም። እንዲህ ያለውን ሌሊት እኔም አውቀዋለሁ። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤሩት የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን 90 ሰዎችን እንደ ያዘ ባሕር ውስጥ በወደቀ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ። እናቴ የምትመጣበት ጊዜ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ስልኳ እስኪነሣ ድረስ ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም።

አያቴ ያረፉት በ1999 ዓ.ም. ነው። እንደ ባህላችን መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛውን ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት ነው። ለእናቴ ማን ይሰብሰብላት? አክስቴና የሠፈሩ ሽማግሌዎች ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲመክሩ ቆዩ። በመጨረሻ ነገሩ በእኔ ላይ ወደቀና በስልክ ነገርኋት፤ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ጮኻ የምታለቅስ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ያዝሁ። እርሷ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «ዛሬ ስንተኛ ቀኗ ነው?» አለችኝ። «ሃያ ሦስተኛ» አልኋት። «እንግዲያው ለአርባዋ ይደርሳል» ብላ የምትልከውን ገንዘብ፣ የሚጠሩትን ካህናት፣ የሚጋገረውን እንጀራ በቁጥር ነገረችኝ። ስልኩን ዘግታ ምሳ አቀረበች። ፊቷን አይተው የጠየቋት ቴታ ብቻ ነበሩ። በሰማች ጊዜም አሮጊቷ ከወንበራቸው ወርደው ምንጣፍ ላይ ከእርሷ ጋር ተቀመጡ። በባዕድ አገር የእናቴ ለቀስተኛ እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

እኔ በ2005 ዓ.ም. ከአምስት ኪሎ በሲቪል ምሕንድስና ስመረቅ እናቴ ጨርሳ ተመለሰች። ሻንጣዋ ውስጥ አንድ የተማሪ ደብተር ነበር። በአንድ በኩል ዕለቱ፣ በሌላው በኩል የላከችው ገንዘብና ምክንያቱ ተጽፎበታል። «ሚካኤል፤ ለትምህርት ቤት።» «ጊዮርጊስ፤ ለእማዬ መድኃኒት።» «መድኃኔ ዓለም፤ ለልጄ ለካልኩሌተር፣ 18 ዶላር።» ያ ካልኩሌተር ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ አለ። የሙያ ልማድ ሆኖብኝ አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ደብተሩን ደመርሁት፤ 23,150 ዶላር ሆነ። ስለ ራሷ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ያገኘሁት ሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ ሁለት ጊዜ ጫማ፣ አንድ ጊዜ መነጽር።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ጥያቄ ልምጣ።

በ2010 ዓ.ም. የአንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ የስትራክቸር ሥራ ተሰጥቶኝ ነበር። በየፎቁ ሁለት፣ በጠቅላላው ዐሥራ ስምንት መኖሪያዎች ነበሩት። አንድ ማታ ፕላኑን ቤቴ ወስጄ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳለሁ እናቴ ቡና ይዛ መጣችና መነጽሯን አድርጋ አጎነበሰች። «ይህ ምንድን ነው?» ሳሎን ነው አልኋት። «ይህስ?» ማዕድ ቤት። «ይህችስ ትንሿ?»

«የሠራተኛ ክፍል።»

«ስንት ትሆናለች?»

«አንድ ሜትር ከስድሳ በሁለት ሜትር ከዐሥር።»

«እስቲ በክንድ ንገረኝ።»

በቁመት አራት ክንድ ተኩል፣ በወርድ ሦስት ክንድ ተኩል ያህል ትሆናለች አልኋት። ቡናውን አስቀምጣ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና በክንዷ መለካት ጀመረች። አራት ተኩል፣ ሦስት ተኩል። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ በለካችው ውስጥ ጋደም አለች። የሃምሳ ዓመት ሴት ናት፤ እኔ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ቆሜያለሁ። «የእኔ ከዚህች ታንስ ነበር» አለች ጣራውን እያየች። «በግርጌዬ የልብስ ማጠቢያው መኪና አለ፤ እግሬ ይነካዋል። ብርድ ሲሆን ደግ ነው፤ ይሞቃል። ሙቀት ሲሆን ግን እንጃ። መስኮት ስለ ሌለኝ መንጋቱን የማውቀው በደወል ነው።» ዐሥራ አምስት ዓመት የኖረችበትን ክፍል የነገረችኝ ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እኔም ከዚያ በፊት ጠይቄያት አላውቅም። ደብተሯን እስከ መጨረሻው ሳንቲም የደመርሁ ሰው የት ትተኛ እንደ ነበር አልጠየቅኋትም።

ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈች። ወደ ፕላኑ ተመልሳ ጣቷን ትንሿ ክፍል ላይ አድርጋ፣ «የዚህችስ መስኮቷ የት ነው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ እዚህ ጋ ምሰሶ አለ። ምሰሶው አይፈቅድም» አልኋት።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ ይህ ሐሰት ነበር። የክፍሏ ግድግዳ ተራ የ15 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ነው፤ ምንም ጭነት አይሸከምም። ከግድግዳው ማዶ ለመታጠቢያ ቤቶቹ ቧንቧ የተተወ ክፍት የአየር መተላለፊያ ነበር። እርሱን አስፍቶ መስኮት ለማውጣት ከሳሎኑ ወርድ 80 ሳንቲ ሜትር መውሰድ ብቻ ይበቃ ነበር። አንድ ምሰሶ አይነካም፤ አንድ ብረት አይጨመርም። ጉዳዩን ከሥዕል ባለሙያው ጋር አንድ ጊዜ አንሥተነው ባለ ንብረቱ «ገዥ የሚያየው ሳሎኑን ነው» ስላሉ ትተነዋል። ለእናቴ ግን ይህን ማለት አፈርሁ። በምሰሶ አሳበብሁ። እርሷም ልጇ መሐንዲስ ነውና አመነችኝ። «ምሰሶ ከሆነማ ምን ይደረጋል» ብላ ቡናዋን ቀዳች።

የክፍሉ ጉዳይ የአርክቴክቱ እንጂ የእኛ አይደለም የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እኔም ራሴን ለብዙ ጊዜ ያጽናናሁት በዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ስለ ቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189ን ሲያወጣ አብሮ ያወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 201 በአንቀጽ 17 ላይ ስለ መኝታ ክፍሉ የሚለውን ብታነቡ፣ የሕግ ሰው ሳይሆን የግንባታ ሰው የጻፈው ይመስላችኋል። ክፍሉ ለብቻው የተለየ ይሁን ይላል፤ ተገቢ ዕቃ ይኑረው፤ በቂ አየር ይግባው፤ ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፉም ለሠራተኛዋ ይሰጣት። ብርሃንም ይጠቅሳል። እነዚህን ነገሮች በወረቀት ላይ የምናሰምር፣ በቦታው ተገኝተን የምናስፈጽም እኛው ነን። ከዚያ ወዲህ በሠራኋቸው ሥራዎች ይህን እያነሣሁ ተከራክሬያለሁ። የተቀበሉኝ ባለ ንብረቶች አሉ፤ ሥራውን ለሌላ የሰጡብኝም አሉ።

እናቴ በ2016 ዓ.ም. ዐረፈች። ለቅሶዋ ላይ ከሊባኖስ የተመለሱ ብዙ ሴቶች መጥተው ነበር፤ ስለ እርሷም የማላውቀውን ብዙ ነገር ነገሩኝ። በእሑድ ዕረፍቷ፣ እርሱ ከተፈቀደላት በኋላ፣ ከቤት መውጣት ለማይፈቀድላቸው ልጆች በየሕንፃው ሥር እየዞረች ጠበልና እምነት በበረንዳቸው በኩል በገመድ ታቀብል እንደ ነበር የሰማሁት ያኔ ነው። ለእኔ ነግራኝ አታውቅም።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ቀርቻለሁ። ያ ሕንፃ በ2013 ዓ.ም. ሲያልቅ እናቴ «ልጄ የሠራውን ልየው» ብላ አስቸገረችኝና ይዣት ሄድሁ። ሊፍቱ ገና ስላልሠራ በደረጃ እስከ አራተኛው ፎቅ ወጣች። ሳሎኑን አየች፤ አደነቀች። ማዕድ ቤቱን አየች፤ የውሃ ቧንቧውን ከፍታ ዘጋች። ከዚያ ማንም ሳያሳያት ወደ ትንሿ ክፍል ሄደች። በመጀመሪያ ያየችው በሩን ነው። አናጢዎቹ በሥዕሉ ላይ ለዕቃ ማስቀመጫ የተያዘ በር አድርገው ስለ ቆጠሩት መቀርቀሪያውን የመቱት ከውጭ በኩል ነበር። በጣቷ አንድ ጊዜ ወደዚህ፣ አንድ ጊዜ ወደዚያ አንሸራተተችው፤ ምንም አላለችም። ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ውጭ ቆሜ ጠበቅሁ። ስትቆይብኝ ከፍቼ ገባሁ፤ መብራት ስላልነበረ ከበሩ በሚገባው ብርሃን አየኋት። በጉልበቷ ተንበርክካ መዳፏን ግድግዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር እያስኬደች ነበር። በጣቷ አጥንት አንኳኳችው፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ትንሽ ፈቀቅ ብላ ደግማ አንኳኳች፤ ያም እንደዚያው ነው። ዞር ብላ አየችኝ።

«ምሰሶው የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

መልስ አልሰጠኋትም። እርሷም ደግማ አልጠየቀችኝም፤ ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ይዛ ነበር። በማግሥቱ የዐሥራ ስምንቱንም በሮች መቀርቀሪያ አስነቅዬ ከውስጥ በኩል አስመታሁ። ግድግዳዎቹ እንዳሉ ናቸው።